ለፈረሰ ቤተ ክርስቲያን የወለቀ ጫማ

የፍራንክፈርት ሐበሻ ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍቱን፣ ሲወጣ የሚሄድበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ አገር ቤት ነው፤ ሌላው የአገር ቤቱ ትኬት ዋጋ እስኪቀንስ ድረስ የሚጋደምበት የራሱ ሶፋ ነው። ከሁለቱ ውጭ ወዴትም እሄዳለሁ የሚል ሰው መጠየቁ አይቀርም። እኔም ተጠየቅሁ።

«መንገድ ልትሄጂ ነው አሉ» አለችኝ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የማኅበራችን ሴት።

«አዎ፣ እስፓኝ። ታራጎና የምትባል ባሕር አጠገብ ያለች ከተማ።»

«ዘመድ አለሽ እዚያ?»

«የለኝም።»

«ጠበል አለ?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ?»

«የሮማውያን ፍርስራሽ ለማየት።»

አየችኝና እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ባሏ የሞተባት ሴት እጅ አያያዙ የታወቀ ነው፤ እንቁላል እንደመያዝ ነው። «አይዞሽ፣ ይሄም ያልፋል» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። ያልፈረሰ ቤት ለመከራየት ዓመታት ወረፋ በጠበቀ ሕዝብ መካከል እየኖሩ፣ የፈረሰ ቤት ለማየት ትኬት መቁረጥ የጤና አይመስልም።

ነገሩ ግን ከእኔ አልተነሳም፤ ከባለቤቴ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሆኽስት በሚባለው ሰፈራችን ከሚገኘው የኬሚካል ፋብሪካ ግቢ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የፋብሪካው ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሮማውያን ነው። ሄደርንሃይም ከሚባለው ሰፈር ሥር የሮማውያን ከተማ ተቀብሮ እንደሚገኝ ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰው መጽሐፍ ላይ ካነበበ ወዲህ ቤታችን ሰላም አጣ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዞኝ ይሄዳል። ምን እናያለን? የገበያ አዳራሽ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ በረንዳው ላይ ብስክሌት የተሰቀለበት ፎቅ። እሱ ግን ከአንድ የመነጽር ሱቅ ፊት ይቆምና፣ «እዚህ ጋ መታጠቢያ ቤት ነበር፤ ወለሉ ከሥር በእሳት የሚሞቅ» ይላል።

«የታለ?»

«ከሥር ነው ያለው።»

«ማን ቀበረው?»

«ጊዜ።»

«ጊዜ አካፋ አለው?»

እንዲህ ስለው አይቆጣም። «ግዴለም፣ አንድ ቀን ያልተቀበረውን አሳይሻለሁ» ይለኛል። ያልተቀበረው ታራጎና ነበር። ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቶ፣ በእግር፣ ሽቅብ እስከ ላይኛው ግንብ ድረስ። መንገዱን ሳያየው በቃሉ ያውቀው ነበር። ለዚሁ ጉዞ ብሎም ጫማ ገዛ፤ ቡናማ ቆዳ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ማሰሪያው እንደ ወታደር ጫማ የሚጠላለፍ። «አዲስ ጫማ መንገድ ላይ ሰው ይገድላል፤ ማለማመድ ነው» እያለ የታራጎናን ጫማ የትም ያደርገው ጀመር። ታውኑስ ተራራ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሐኪም ቤት። የሐኪም ቴርሚኑ፣ ቀጠሮው፣ እየበዛ በሄደ ቁጥር ጫማው በደንብ ተለማመደ። መጨረሻ ላይ ከእሱ ጋር ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣ ከእኔ ጋር በፌስታል ወጣ።

ከአርባው በኋላ አክስቱ ከሽቱትጋርት መጡ። አክስቱ ሥርዓት አዋቂ ናቸው። «የሟች ልብስ ቤት ሲቀመጥ የሄደውን አያሳርፍ፣ የቀረውን አያስተኛ» ብለው ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። አገር ቤት ቢሆን ልብሱ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ነበር፤ እዚህ አዲስ ለመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ይሰጣል። ሸሚዙ ሄደ፣ ካፖርቱ ሄደ፣ የሥራ ቱታው ሳይቀር ሄደ። ጫማውን ግን ሰረቅኋቸው። ከገዛ ቤቴ የገዛ ባሌን ጫማ ሰርቄ የወጥ ቤቱ ኦፈን ውስጥ ደበቅሁት። አክስትየው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር መንካት ይፈራሉና ከዚያ የተሻለ መደበቂያ አልታየኝም። ፍርሃታቸው እስከ እራት ሰዓት ቆየ። እራት ላይ ዳቦ ሊያሞቁ ኦፈኑን አበሩት።

«ምን ይሸታል?» አሉ ከሳሎን ድረስ።

«ጎረቤት ነው።»

«ጎረቤትሽ ምን ቢቀቅል ነው ልጄ?»

ስደርስለት የግራ እግሩ ተረከዝ ቀልጦ፣ ታኝኮ እንደተተፋ ማስቲካ ተጨማዶ ነበር። ሌላው ደህና ነው።

የባለቤቴና የእኔ እግር እኩል ነበር ማለት ይቻላል። እሱ ቁመቱ ረጅም፣ እግሩ ትንሽ፤ እኔ የዚህ ተቃራኒ። በሕይወት ሳለ ይህን ጉዳይ ሁለታችንም አናነሳውም ነበር። አሁን ግን ሁለት ካልሲ ስደርብበት ልክክ ይልልኛል። በውስጡ አውራ ጣቱ እየረገጠች ያጎደጎደቻት ቦታ አለች። የእኔ አውራ ጣት እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች። ከሰውየው የቀረኝ ነገር ይህ ነው፤ ፎቶግራፍ አለ፣ ፎቶግራፍ ግን አይረገጥም። እንግዲህ ዓመቱ ሞልቶ ተዝካሩ ከተደገሰና ከሌን ካወጣሁ በኋላ፣ ይህንኑ ጫማ አድርጌ ታራጎና ልሄድ ቆረጥሁ። እሱ ካልሄደ ጫማው ይሂድ።

ብቻዬን እንዳልሄድ አስቴር አብሬዎት ካልሄድኩ አለች። አስቴር ከእኔ ፎቅ በላይ የምትኖር ጎረቤቴ ናት፤ አየር ማረፊያ አውሮፕላን ስታጸዳ ስለምትውል መሳፈር አምሯታል። በዕድሜ ስለምበልጣት እትዬ ትለኛለች። ጴንጤ ናት፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እሑድ ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ እሷ ወደ ተከራዩት አዳራሽ፣ እኔ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቅዳሴ ስንሄድ፣ አንዳችን ለሌላችን እናዝናለን። በዚህ ከተማ አንቱ እያለ የሚሰድበኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

የበረርነው በርካሹ አውሮፕላን ነው፤ ርካሹ አውሮፕላን የሚነሳው ደግሞ ፍራንክፈርት ሃን ከሚሉት ማረፊያ ነው። ከፍራንክፈርት ወደ ፍራንክፈርት ለመድረስ በጫካና በወይን ማሳ መካከል ሁለት ሰዓት ያህል በአውቶቡስ ይኬዳል። ሃን ፍራንክፈርት ከተባለ ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባ ነው። አስቴር በመንገዱ ርዝመት ተናዳ አውሮፕላኑ ውስጥ ስትገባ ወንበሯን ሳይሆን ወለሉን ነው ያየችው። «ጠርዙን አልጠረጉትም» አለችኝና እስክናርፍ ድረስ በዚያው ላይ ስትብሰለሰል ቆየች።

ታራጎና ከባሕሩ እየተነሳች እንደ ደረጃ ወደ ላይ የምትወጣ ከተማ ናት። እኔ ፍርስራሽ ሲባል በአጥር የታጠረ፣ ሣር የበቀለበት፣ ማንም የማይነካው ነገር መስሎኝ ነበር። እዚያ ግን ሰው ይኖርበታል። ሮማውያን የሠሩት ቅስት ሥር ሰው ሱቅ ከፍቶ ቲማቲም ይሸጣል፤ ከቅስቱ በላይ ሌላ ሰው ቤት ሠርቶ የውስጥ ሱሪውን አስጥቷል። አንድ ግድግዳ ላይ የመቃብር ድንጋይ ተዘቅዝቆ ተገንብቶ አየሁ፤ የሮማዊው ስም በጭንቅላቱ ቆሟል። ምናልባት እሱም ሚስት ነበረችው፤ ድንጋዩን ስታስጠርብ አንድ ቀን የሰው ወጥ ቤት ግድግዳ ይሆናል ብላ አላሰበች ይሆናል። ጫፉ ቀዝቃዛ እንደሆነ ለማወቅ በጣቴ ነካሁት።

«እትዬ፣ ሁሉን ድንጋይ ሊዳስሱት ነው?» አለችኝ አስቴር።

«ለዚህ አይደል የመጣሁት?»

«ባሕሩም እኮ አለ። ባሕሩ አልፈረሰም።»

ባሕሩን ለማየት ወደ ታች ስንወርድ አምፊቲያትሩ ጋ ደረስን። ድንጋይ መቀመጫው ክብ ሆኖ ኮረብታው ላይ ተፈልፍሏል፤ ከበስተኋላው ውሃ ብቻ ነው። ሰዎችን ከአውሬ ጋር ሲያታግሉ ሕዝቡ እዚህ ተቀምጦ ያይ ነበር። በዚያ ሳምንት የከተማው ሰዎች እንደ ሮማውያን ለብሰው የድሮውን ዘመን እያሳዩ ነበርና ሜዳው በወታደርና በባለጋቢ ተሞልቷል። እነሱ ቶጋ ይሉታል፤ ጋቢ ነው፤ በአንድ ትከሻ ብቻ ያጣፉታል። ሲመጡ እንደ እኛው በስፖርት ጫማ ነው የሚመጡት፤ እዚያ ሲደርሱ ሰንደል ይቀይራሉ።

ከሜዳው መካከል የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህን ባለቤቴ ነግሮኛል። በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ጳጳስና ሁለት ዲያቆናቱ በእሳት ተቃጥለው ሰማዕት ሆነዋል፤ በኋላ ዘመን ክርስቲያኖች ቦታው ላይ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ እሱም ፈረሰ። አሁን የቀረው ከጉልበት ከፍ የሚል ግድግዳና በሩ የነበረበት ክፍተት ነው። እኔ ክፍተቱ ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ መስቀለኛ አጣፋሁና ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«ነበር። ጣሪያ የለው፣ ታቦት የለው፣ ቄስ የለው። ለማን ነው የሚያወልቁት?»

«ለቦታው። ግድግዳ ይፈርሳል እንጂ ቦታ አይፈርስም።»

«እሺ፣ ጌታ ግን ጫማዎን አልጠየቀዎትም።»

«ሙሴን ጠይቆታል» አልኩና ዘጋኋት። ጴንጤን በመጽሐፍ ቅዱስ መርታት በዓመት አንድ ጊዜ የሚገኝ ዕድል ነው፤ ደስታው ሳያዘናጋኝ አልቀረም። ካልሲዎቼን ጠቅልዬ ጫማው ውስጥ ከተትኩና ጫማውን ከድንጋዩ ሥር አስተካክዬ አስቀመጥኩ። ይህ ልማድ ነው፤ ማሰብ አይፈልግም። ፍራንክፈርት ከጀርመኖች በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማችን ተደርድሮ ሲታይ ገበያ ስለሚመስል አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ዋጋ ጠይቃ ታውቃለች። ግን ጠፍቶብን አያውቅም።

ገባሁ። ወቅቱ ሃምሳ ስለነበር ስግደት የለም፤ ድንጋዩን ተሳለምኩ። የባለቤቴን የክርስትና ስም ጠርቼ፣ ያልተቀበረውን እያየሁልህ ነው አልኩት። ከግድግዳው በላይ ባሕሩ ይታያል። ሰማዕታቱስ የመጨረሻዋን ሰዓት ወዴት እያዩ ይሆን ያሳለፏት፣ ወደ ሕዝቡ ወይስ ወደ ውሃው? ይህን ስጠይቅ ትንሽ ቆየሁ።

ስወጣ ድንጋዩ አለ፤ ጫማው የለም።

በመጀመሪያ የተሳሳተ ድንጋይ መስሎኝ ሌሎቹን ዞርኩ። ፍርስራሽ ውስጥ ድንጋይ መለየት ቀላል አይደለም። አስቴር መቀመጫው ላይ ጥላ ፈልጋ ዓይኗን ጨፍናለች።

«አስቴር፣ ጫማዬን ማን ወሰደው?»

«ምን አውቄ። እየጸለይኩ ነበር።»

«ተኝተሽ ነበር።»

«ሁለቱም አንድ ነው፤ በጌታ ማረፍ ነው» አለችና ፊቴን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። ጫማው የማን እንደሆነ ታውቃለች። ኦፈኑ በጨሰ ቀን ጭሱ ምን እንደሆነ ልትጠይቅ የወረደችው እሷ ናት። «ቆይ፣ እንፈልገዋለን» አለች ቀስ ብላ።

በዚህ መካከል ፎቶግራፍ መነሳት ጀመርኩ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሻለሁ፤ ነጠላዬን አጣፍቻለሁ፤ በባዶ እግሬ ድንጋይ ለድንጋይ እዞራለሁ። ከሮማውያኑ የምለይበት ነገር አልነበረም። አንድ ጎልማሳ ጎብኚ ካሜራውን እያነጣጠረ ለሚስቱ በጀርመንኛ ሲያስረዳ ሰማሁት። «ይቺኛዋ ከግብፅ የመጣች የቤተ መቅደስ አገልጋይ መሆን አለባት። እግሯን ባዶ ማድረጋቸውን ተመልከቺ፤ በጥናት የተሠራ ነው።»

«ከሆኽስት ነው የመጣሁት» አልኩት በጀርመንኛ። «ጫማዬ ጠፍቶብኝ ነው።»

ሰውየው እንደ ቀይ ሥር ቀላ። ሚስቱ ስትስቅ ቆየችና፣ «እኛ ከጻይልስሃይም ነን» አለች። ከሆኽስት ጻይልስሃይም በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ነው። ከዚያ ወዲያማ ሁሉም ነገር ተረሳ፤ አንበሳና ሰማዕት በተፋለሙበት ሜዳ ቆመን የትኛው ፌርማታ አጠገብ እንደምንኖር ስንነጋገር፣ አስቴር ነጠላዬን ጎተተችው። «እትዬ፣ ጫማው።»

ጫማውን ያየችው ሚስትየው ነበረች። ፊሽካ ያንጠለጠለች ቀይ ጸጉር ሴት ሮማውያኑ ያወለቁትን ጫማ ሁሉ እየለቀመች በትልቅ ሰማያዊ ከረጢት ከታ ሄዳለች፤ ዛሬ በከተማው የሚያደርጉት ሰልፍ የሚያልቅበት ቦታ ወስዳ ልትጠብቃቸው። የእኔም ከሮማውያን ጫማ ተቆጠረ ማለት ነው። ሰልፉ የሚነሳው ደግሞ ላይ፣ ሰርከሱ ጋ ነው። ሰርከስ የሚሉት ገመድ ላይ የሚራመዱበትን አይደለም፤ ሮማውያን ፈረስ የተጠመደበት ሠረገላ የሚያሽቀዳድሙበት ነው።

«መጀመሪያ አንድ ነጠላ ጫማ እንግዛና እንሂድ» አለች አስቴር። «ድንጋዩ ይፋጃል። የእኔን እንዳልሰጥዎት...» ብላ የራሷን ሰንደል አውልቃ ሞከረችልኝ፤ ተረከዜ ብቻ ገባ።

«አልገዛም።»

«ለምን?»

«ሌላ ጫማ ከገዛሁ ያ ጠፋ ማለት ነው።»

አስቴር ቦርሳዬን ተቀብላኝ ከፊት ከፊቴ ሽቅብ መውጣት ጀመረች።

እግር እንዲህ ብዙ ነገር እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር። ፀሐይ የመታው ድንጋይ ይፋጃል፣ ጥላ ያረፈበት እንደ ሸክላ ይቀዘቅዛል። አንድ ቦታ መሬቱ እንደ ሰሐን ጎድጎድ ብሎ እግሬን ተቀበለው፤ ጎንበስ ብዬ ሳየው ሰው እየረገጠ የበላው ደረጃ ነው። ስንት እግር ቢወርድበት ነው? ዓይኔ ደረጃ መሆኑን ብቻ አይቶ ያልፍ ነበር። ሰርከሱ ሥር ያለው ዋሻ ስንገባ ደግሞ ቅዝቃዜው ከእግሬ ተነስቶ እስከ ጥርሴ ደረሰ። ዋሻው ረጅም፣ ጣሪያው ቅስት፣ መጨረሻው የማይታይ ነው። የሚሮጡት ከላይ ነበሩ፤ ከሥር ደግሞ ሕዝቡ በዚህ ነበር የሚገባው የሚወጣው። የሠረገላው ድምፅ እዚህ ሲሰማ ምን ይመስል ይሆን ብዬ በእጄ ግድግዳውን መታ መታ አደረግሁ። ጫማዬ ጠፍቶ ሳለ ይህን መጠየቄ ለራሴም ገረመኝ።

ዋሻውን ጨርሰን ብርሃን ላይ ስንወጣ ፊሽካ ተነፋ። ባለፊሽካዋ ሴት ናት። ሰልፈኛዋን ሁሉ አሰልፋ ጨርሳለች፤ እኔን ስታይ የዘገየች ሮማዊት መሰልኳት። በእስፓኝኛ ተቆጣችኝ፣ እጄን ይዛ ሰልፉ ውስጥ አስገባችኝና ትንሽ እንስራ አስታቀፈችኝ።

«ንገሪያት እንጂ» አልኩ ለአስቴር።

«በምን ቋንቋ?»

«በልሳን የምትናገሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ? እስፓኝኛ አይመጣም?»

«የልሳን ስጦታ ለጫማ አይሰጥም» አለች አስቴር በኩራት። ይህን ብላ ሳትጨርስ ባለፊሽካዋ መጥታ የቅጠል አክሊል ጭንቅላቷ ላይ ደፋችባት። እኔ ወደ ባዶ እግሬ እየጠቆምኩ በምልክት ለማስረዳት ሞከርኩ። ሴትየዋ እግሬን አየች፣ በጣም እንደወደደችው አውራ ጣቷን አቁማ አሳየችኝና ፊሽካዋን ነፋች። ከበሮ ተመታ፤ ሄድን።

«እትዬ፣ ወዴት ነው የሚወስዱን?»

«ወደ ላይ። ባለቤቴ እንደነገረኝ ላይ የነበረው የቄሣር ቤተ መቅደስ ነው። ቄሣርን እንደ አምላክ ያመልኩት ነበር።»

አስቴር እጇን አክሊሏ ላይ አደረገች። «ለጣዖት ነው የምንሰለፈው?»

«ቅጠል ነው አስቴር።»

«እርስዎ ምን አለብዎት፣ በዓል ለምደዋል። እኔን ፓስተሩ ቢያዩኝስ?»

«ፓስተርሽ ታራጎና ምን ያደርጋሉ?»

«የጻይልስሃይም ሰው መጥቶ የለ?»

እውነቷን ነው። ይህ ወሬ ሆኽስት ቢደርስ ሁለታችንም ከየምዕመናኑ ተባረን በአንድ በራፍ ላይ እንገናኝ ነበር። አስቴር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትገሥጻለች፤ እኔ እንስራዬን ታቅፌ የሰው ትከሻ ላይ እንጠራራለሁ። ሰማያዊው ከረጢት ከፊታችን በጋሪ ይገፋል። መንገዱ ሲጠብና ሰልፉ ሲቆም እየተሽሎከለክሁ ደረስኩበትና አፉን ከፍቼ አየሁ። ነጭ ስፖርት ጫማ፣ ጥቁር ስፖርት ጫማ፣ ወርቃማ የሴት ሰንደል። ሁለቱን ካልሲዎቼን ከታች አገኘሁ። ጫማው የለም።

ካልሲውን ጨብጬ መንገዱ ዳር ቆምኩ። እስከዚያ ድረስ ቀልድ ነበር፤ ከረጢቱ ውስጥ አለ፣ ከረጢቱ ፊታችን ነው። ካልሲዬን ያወጣ እጅ ጫማውን ለራሱ ወስዷል ማለት ነው። አስቴር አክሊሏን እንደደፋች መጥታ እንስራዬን ተቀብላኝ አጠገቤ ቆመች፤ ከበሮው እንደገና ሲመታ ሰው ገፋን፣ ገፊው ባይኖር ከዚያ አልንቀሳቀስም ነበር። አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የሄድኩት። አንገት የደፋ ሰው ደግሞ የሚያየው የሰው እግር ነው።

ሰንደል፣ ሰንደል፣ ሰንደል፣ ቡናማ ጫማ።

የግራው ተረከዝ እንደ ታኘከ ማስቲካ ተጨማዷል።

ጫማውን ያደረገው ዳሩ ሐምራዊ የሆነ ቶጋ ያጣፋ ሽማግሌ ነው፤ የሮማ ሸንጎ አባል መሆኑ ይሆናል። ሰንደሉን በእጁ አንጠልጥሏል፤ ጠፍሩ ተበጥሷል፤ ከረጢቱ ውስጥ ልኩን ሲያገኝ ጊዜ ማንሳቱ ነው። አስቴርም አየችው።

«እትዬ፣ ያውልዎት። ልጥራው?»

«ተይው።»

«እንዴት ተይው? እግርዎ ተቃጥሎ፣ እኔን ጣዖት አስመልከው፣»

«ትንሽ ይሂድ።»

ባለቤቴ እንደ ብዙው ያገሬ ወንድ ከጎኔ አይሄድም ነበር፤ አንድ እርምጃ ይቀድመኛል። ሄደርንሃይም ሆነ ታውኑስ ተራራ ሁልጊዜ ከኋላ ነበርኩ፤ ሁልጊዜም እናደድበት ነበር። ሮማውያን እንዲህ ነበሩ፣ ሮማውያን እንዲያ ነበሩ የሚለውን ሁሉ የነገረኝ በጀርባው ነው። ሰው የባሉን ፊት ነው የሚያውቀው ይባላል፤ እኔ ተረከዙን ነው አብልጬ የማውቀው። ጫማውን በእግሬ ካደረግሁት ወዲህ ከላይ ብቻ ነበር የማየው። ከፊቴ ሲሄድ ካየሁት ዓመት አለፈው።

አሁን ከፊቴ ይሄዳል። ድንጋዩ ላይ ይነሳል፣ ያርፋል፤ ደረጃ ሲደርስ ትንሽ ያመነታል፤ ቀኙ ይቀድማል። ሰውየው አጭር ነው፣ ወፍራም ነው፣ አንገቱ ላይ ፀሐይ አቃጥሎታል፤ እሱን አላየሁትም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ ተከተልኩ። በቅስቱ ሥር አለፍን፤ የተዘቀዘቀው የመቃብር ድንጋይ ያለበትን ግድግዳ አለፍን፤ ላይኛው ግንብ ሥር ደረስን። ከሥሩ ያሉት ድንጋዮች ሰው ያነሳቸዋል የማይባሉ ናቸው፤ እንዴት እንዳነሷቸው ለመጠየቅ አፌን ልከፍት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከበሮው ግንቡ ሥር ቆመ። ሮማውያኑ ተሳስቀው ተበተኑ፣ ጋሪውን ከበው ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር። ሽማግሌው ዞር ሲል አየኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ ባዶ እግሬን፣ ከዚያ በእጄ የጨበጥኩትን ካልሲ፣ ከዚያ የገዛ እግሩን። ቋንቋ አላስፈለገንም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ እያፈረ ማሰሪያውን ፈታ፣ ጫማውን በሐምራዊው ዳር ጠራርጎ በሁለት እጁ ሰጠኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

ካልሲዬን ሳላደርግ ነው እግሬን ያስገባሁት። ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቀዝቅዞ የሚጠብቀኝ ጫማ ውስጡ ሞቆ ነበር።

ጎንበስ ብዬ ማሰር ጀመርኩ። አንዱን አሰርኩ፤ አጥብቄው መሰለኝና ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። አውሮፕላን ነበረን፣ ርካሽ አውሮፕላን ደግሞ ሰው አይጠብቅም። አስቴር እንስራዬን ታቅፋ፣ አክሊሏ ጆሮዋ ላይ ተንጋዶ፣ ከላዬ ቆማ ጥላ ሆነችልኝ። ቶሎ ይበሉ አላለችኝም።